ውሃ በየት ይገባል? ለጣና ዳር አሮጌ ላንድክሩዘር

ባህር ዳር ላይ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው፤ ጭስ የለውም፣ ዘይት አይበላም፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ልክ ነው፣ ሞተሩ ያስመካል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሰባ ሲሪየስ ላንድክሩዘር ላይ የተገጠመው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ መካኒኮች ዋን ኤችዜድ የሚሉት፣ ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ከተለወጠ፣ የታይሚንግ ቺንጋው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከተቀየረ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ይሁንና እንዲህ ያለ መኪና ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎበት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የፊት ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ቤት) ተበልቶ፣ የጎማ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ጥቅል ቀለበት) ደቅቆ ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን ብረት) አበላሽቶ፣ ወይም የናፍጣ ፖምፓው ነክሶ ነው የቆመው። የእነዚህ ሁሉ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ውሃ።

ጣና ዳር ለዚህ ችግር የተመቸ አገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲበረታ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከአስፋልት ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚሄድ ሰው ዋልካ ይጠብቀዋል፤ ድልድይ የሌለው ወንዝም አይጠፋም። በዚያ ላይ መኪናው ከመንገድ እንደገባ፣ ገና ሳይበርድ፣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ዳር ወስዶ ጎማው በግማሽ እስኪሸፈን ውሃ ውስጥ አቁሞ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ይህ እጥበት ወንዝ ከማቋረጥ የባሰ ይጎዳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በገባበት ቀን ምንም ድምፅ አይሰማም። ድምፅ የሚሰማው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ብረቱ ተበልቷል።

ከዚህ በታች የምገልጸው አብዛኛው ሥራ በግቢ ውስጥ፣ በተለመዱ ቁልፎች የሚሠራ ነው። የምናገረው ስለ ላንድክሩዘር ቢሆንም ላንድ ሮቨር፣ ኒሳን ፓትሮል ወይም ትንሿ ሱዙኪ ያለው ሰውም ከመኪናው ሥር ገብቶ ቢያይ ተመሳሳይ አሠራር ያገኛል።

ከመኪናው ሥር ስለመግባት ግን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ተሸክሞ እንዲቆይ አልተሠራም። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በአንድ ክሪክ ላይ አቁሞ ከሥሩ መተኛት በነፍስ መቀለድ ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላ ከሻንሲው ወይም ከአክስሉ ሥር የብረት መቆሚያ ይገባል። ከሌለ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተመሳቀለ ይደረደራል። ብሎኬት በፍጹም አይሆንም፤ ብሎኬት ሳይሰነጠቅ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈርሰው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ ይደረጋል። መሬት የነኩት ጎማዎች ደግሞ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዳሉ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ስለሆነ የኋላው ጎማ ከተነሳ ምንም አይረዳም።

አሁን ወደ ዲፈረንሻሉ። ዲፈረንሻሉና አክስሉ አንድ ላይ የተዘጋ የብረት ቤት ናቸው። ታችኛው ክፍል ዘይት ነው፤ የቀረው አየር። ከጎንደር ወይም ከደብረ ማርቆስ ሲነዳ ቆይቶ የገባ መኪና ዲፈረንሻሉ እጅ አያስነካም፤ ውስጡ ያለው አየር 80 ዲግሪ ደርሷል እንበል። ይህ የጋለ ብረት 25 ዲግሪ ያለው ውሃ ውስጥ ድንገት ይገባል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ከ80 ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ ከ6 እጅ አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። የጎደለው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ቤቱ ከውጭ ይስባል። በዚያች ሰዓት በዙሪያው ያለው ደግሞ ውሃ ነው።

ለዚህ ተብሎ አክስሉ ላይ፣ በላይ በኩል፣ ትንሽ መተንፈሻ ተደርጎለታል። በአንዳንዱ ሞዴል ክዳን ያላት ትንሽ ቡሎን ትመስላለች፤ በአንዳንዱ አጭር ቱቦ አላት። ብዙ ባለመኪና መኖሯንም አያውቅም። ዋልካ ደርቆ ሲደፍናት ሁለት ነገር ይከተላል። መኪናው ሲሞቅ ውስጡ የሰፋው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራኦሊዮው፣ ማለትም ዘንጉን ባቀፈው የጎማ ማሸጊያ ቀለበት በኩል እየገፋ ያስወጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው በፓራኦሊዮ ከንፈር በኩል ውሃና ጭቃ ይስባል። ፓራኦሊዮ የተሠራው ከውስጥ ዘይት እንዳይወጣ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣን ውሃ የመከልከል አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ዲፈረንሻሉ ዘይት ባፈሰሰ ቁጥር ፓራኦሊዮ ከመግዛት በፊት መተንፈሻዋን ፈትቶ በናፍጣ ማጠብና በአፍ እፍ ብሎ ማየት ይገባል። ፓራኦሊዮው በወር ውስጥ መልሶ ካፈሰሰ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ዘላቂው መፍትሔ ርካሽ ነው። ክዳኗን አንስቶ በቦታዋ ቱቦ የሚቀበል አፍ መግጠም፣ ከዚያ ዘይት የማይጎዳው ቀጭን ቱቦ ከአክስሉ እስከ ኮፋኖው ሥር፣ ከሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይኛ ጠርዝ ድረስ ማውጣት ነው። የኋላውን ደግሞ በሻንሲው አስታኮ ከናፍጣ መሙያው አጠገብ ከፍ አድርጎ ማሰር ይቻላል። አክስሉ በባሌስትራው ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቱቦው ሳይወጠር ላላ ብሎ መታሰር አለበት። ጫፉ ላይ አቧራ እንዳይገባ ትንሽ የናፍጣ ፊልትሮ ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ አክስሉ ወንዝ ውስጥም ሆኖ የሚስበው ከኮፋኖ ሥር ያለውን አየር ነው። ካምቢዮውና የፎር ዊሉ ማርሽ ቤትም የየራሳቸው መተንፈሻ አላቸው፤ እነሱንም በዚያው መንገድ ማውጣት ነው። ለአንድ አሮጌ መኪና ከሚደረገው ሁሉ፣ በወጪው ልክ ሲታይ፣ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ሥራ አላውቅም።

ውሃው ገብቶ እንደሆነስ እንዴት ይታወቃል? ውሃ ከዘይት ይከብዳል። መኪናው ከተነዳ በኋላ ሁለቱ ተደባልቀው ዘይቱ ይነጣል፤ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲገለብጥ የነበረ ልጅ «ጋሼ፣ ወተት ሆኗል» ካለ ነገሩ አልቋል። ትንሽ ውሃ ከሆነ ግን እንዲህ በግልጽ አይታይም። መኪናውን ቅዳሜ ማታ አቁሞ እሑድ ጠዋት ሳይነሳ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። የታችኛውን መክፈቻ በጥቂቱ ላላ አድርጎ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በብርጭቆ መቀበል ነው። ሌሊቱን ውሃው ወርዶ ከታች ስለሚቀመጥ ከዘይቱ በፊት የሚወጣው እሱ ነው። ጠብታው ንጹሕ ዘይት ከሆነ መልሶ ማጥበቅ። ውሃ ከሆነ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ ለቀጣዩ ደመወዝ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ሲለወጥ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው መክፈቻ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ይህ መክፈቻ ዝጎ እምቢ ሊል ይችላል። የታችኛውን ከፍቶ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢል መኪናው ካለበት አይንቀሳቀስም። ማግኔት ያለው መክፈቻ ከሆነ ጫፉ ላይ የተጣበቀውን በጣት አሽቶ ማየት ነው። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ነገር የዕድሜ ምልክት ነው፤ ጥርስ የሚመስል ስባሪ ከተገኘ ግን ዲፈረንሻሉ መከፈት አለበት። ለዲፈረንሻል ጂኤል 5 የሚል ጽሑፍ ያለበት 80ደብሊው90 ወይም 90 ቁጥር ዘይት ይሆናል። ለካምቢዮ ጂኤል 4 የሚለውን እመርጣለሁ፤ በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የነሐስ ቀለበቶች ከእሱ ጋር የበለጠ ይስማማሉ።

ብዙ ገንዘብና ብዙ አለመግባባት ያለው የፊት አክስል ጫፍ ላይ ነው። ከፊት ጎማው ጀርባ አንድ ትልቅ የሚያብረቀርቅ ግማሽ ኳስ አለ። መሪው ሲዞር ጎማውን የያዘው ቤት የሚዞረው በዚህ ኳስ ዙሪያ ነው። ኳሱ ውስጥ ደግሞ ጎማው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢዞር ጉልበቱን ሳይቋረጥ የሚያስተላልፍ የብረት መገጣጠሚያ አለ። ይህ መገጣጠሚያ በወፍራም ግሪስ ተሞልቶ ነው የሚኖረው። ከዚያ በስተጀርባ፣ ወደ መኪናው መሐል፣ የዲፈረንሻሉ ቀጭን ዘይት አለ። ሁለቱን የሚለያቸው አክስሉ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ፓራኦሊዮ ናት፤ የውስጧ ልበላት። ኳሱን ከውጭ የሚጠርገው፣ ጭቃ እንዳይገባ የሚከለክለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ከጎማና ከወፍራም ጨርቅ የተሠራ፣ ኳሱን ከጀርባ ያቀፈ ቀለበት።

አለመግባባቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለመኪናው ኳሱ ርሶ፣ የጎማው ውስጠኛ ጎን ጠቁሮ ያያል። መካኒኩም የውጭውን ቀለበት ይለውጥለታል፤ ሥራው ቀላል ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ያፈሳል። ምክንያቱም ያለቀችው የውስጧ ናት። የዲፈረንሻሉ ዘይት በእሷ በኩል አልፎ ግሪሱን አቅጥኖታል፤ የቀጠነውን ደግሞ የትኛውም አዲስ ቀለበት አይዘውም። የከፋው ነገር ውጭ የሚታየው መርጠብ አይደለም። በሌላ በኩል ዲፈረንሻሉ በየቀኑ ዘይቱ እየጎደለ ነው። የፊት ዲፈረንሻል ጥርሱ የሚበላው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው።

የትኛዋ እንዳለቀች ለማወቅ ምንም መፍታት አያስፈልግም። የኳሱ ቤት ላይ፣ በላይ በኩል፣ አራት ማዕዘን ራስ ያላት መክፈቻ አለች። ከፍቶ ቀጭን ሽቦ ማስገባት ነው። ሽቦው ወፍራም ጥቁር ግሪስ ይዞ ከወጣ ውስጡ ደህና ነው፤ ኳሱ ላይ ያለው ስስ ቅባትም ጤነኛ ነው፣ መኖርም አለበት። እንደ ሾርባ የቀጠነ ነገር ከወጣ የውስጧ ፓራኦሊዮ አልቃለች። ቡናማ ውሃ ወይም ዝገት ከታየ የውጭው ቀለበት ተቀዷል፤ ወንዙ ገብቷል።

ሥራው ለጀማሪ በአንድ ጎማ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ለሁለቱ ይበቃል። ከተለመዱት ቁልፎች ሌላ የሚያስፈልገው 54 ሚሊ ሜትር የሆነ የሞዞ ዳዶ ቁልፍ ብቻ ነው። ብዙ ጋራዥ ይህን ዳዶ በመሮና በመዶሻ እየመታ ነው የሚፈታው፤ ዳዶውም ይበላሻል፣ ሲጠብቅም ልኩ አይታወቅም። ቁልፉን ማስመጣት ወይም ለቶርኖ ቤት አሳይቶ ማሠራት ገንዘቡን ይመልሳል። ጎማው፣ የፍሬኑ ክፍል፣ ሞዞው፣ ከዚያም ዘንጉ በተራ ይወጣል። በኳሱ ቤት ላይና ታች ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች አሉ፤ መሪው ሲዞር ክብደቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጋር ልክ የሚያስተካክሉ ስስ የብረት ቅጠሎች ይወጣሉ። የላዩ ከታቹ፣ የግራው ከቀኙ መቀላቀል የለበትም፤ በየፌስታሉ ከትቶ መጻፍ ነው። ከተቀላቀሉ ዘንጉ ከመሐል ይወጣና አዲሷ ፓራኦሊዮ በአንድ ጎን ብቻ ትበላለች። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መሪው በኃይል የሚንቀጠቀጥ መኪናም እነዚህ ኩሽኔታዎች ማለቃቸውን ነው የሚናገረው።

ዘንጉ ሲመለስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከባድ ነው፣ ጫፉም ጥርስ አለው። እንደነገሩ ከተገፋ ገና የተገጠመችውን ፓራኦሊዮ ከንፈሯን ይቀዳታል፤ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አንድ ሰው ከታች በእጁ ደግፎ፣ መሐል መሐሉን እያስኬደ ነው የሚገባው። ከመግባቱ በፊት ደግሞ ዘንጉ ላይ ፓራኦሊዮዋ የምታርፍበትን ቦታ በጥፍር መሄድ ነው። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አሮጌው ከንፈር ብረቱን ቆርጦታል ማለት ነው፤ አዲሷን ከቀድሞው ጥቂት ሚሊ ሜትር አሸሽቶ ማስቀመጥ ንጹሕ ብረት ላይ እንድታርፍ ያደርጋታል። በመጨረሻ ኳሱ ሞሊብደነም ባለው የሊትየም ግሪስ እስከ ሦስት አራተኛው ይሞላል። እስከ አፉ አይሞላም፤ ግሪስም ሲሞቅ ይሰፋል።

የጎማ ኩሽኔታ እዚያው በተከፈተበት ይታያል። በናፍጣ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ ሰማያዊ የሆነ፣ የተቦረቦረ ወይም ዝገት የያዘ ካለ ኩሽኔታው ከነውጭ ቀለበቱ ይለወጣል። ግሪስ ከላይ መቀባት ብቻ አይበቃም። መዳፍ ላይ ግሪስ አድርጎ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን እየጫኑ በጥቅሎቹ መካከል ወጥቶ በሌላው ጎን እስኪታይ መግፋት ነው፤ እያዞሩ ዙሪያውን ሁሉ። የተለያየ ዓይነት ግሪስ መደባለቅም አይገባም፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ይቀጥናሉ።

የማጥበቁ ልክ ደግሞ በአብዛኛው በግምት ነው የሚሠራው። ከላላ ጎማው ይወዛወዛል፤ ከጠበቀ ይቃጠላል። መጀመሪያ ሞዞውን እያዞሩ የውስጠኛውን ዳዶ ጠበቅ ማድረግ፣ ከዚያ ማላላት፣ እንደገና በቀስታ ማጥበቅ ነው። ልኩን ለማየት ዓሣ ሻጮች የሚይዙት ዓይነት መንጠቆ ያለው የሞላ ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑን ከጎማው ቡሎኖች በአንዱ ላይ አንጠልጥሎ በጎን ሲጎትቱት ሞዞው መዞር የሚጀምረው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ላይ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ከዚያ መቆለፊያው ቀለበት ይገባል፣ ሁለተኛው ዳዶ ይጠብቃል፣ ቀለበቱ በሁለት አቅጣጫ ይታጠፋል። ሁለተኛው ዳዶ ሲጠብቅ የመጀመሪያውን ትንሽ ይገፋዋልና በሚዛኑ ድጋሚ ማየት ነው።

ሐይቅ ዳር ማጠብ ይጎዳል ያልኩት አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ውሃው ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። እጥበት ላይ ግን ሞዞውም፣ ኳሱም፣ ዲፈረንሻሉም እንደጋሉ ገብተው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፤ እስኪቀዘቅዙ ድረስ ሲስቡ ነው የሚቆዩት። ሐይቁም ከዘይቱና ከግሪሱ ድርሻውን ይወስዳል። ላቫጆ የሚያሳጥብ ሰውም ቢሆን መኪናው በርዶ ይግባ፤ የግፊት ውሃው ቀጥታ ወደ ኳሱ ቀለበት፣ ወደ ክሮቼራው (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያ) እና ወደ መተንፈሻው እንዳይተኮስ ልጆቹን ማስጠንቀቅ ይገባል። ክሮቼራዎቹ ላይ ግሪስ መውጊያ አለ፤ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ አሮጌው ግሪስ በሁሉም ጫፍ እስኪወጣ መውጋት ውሃውን ያስወጣዋል።

ፊት ጎማ ላይ በእጅ የሚዞር ፍሪ ዊል (ጎማውን ከፊት ዘንጉ ጋር የሚያያይዝና የሚያላቅቅ መቆለፊያ) ያለው መኪና አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። ፍሪ ዊሉ ሳይቆለፍ ለወራት የሚነዳ ከሆነ የፊት ዲፈረንሻሉ አይዞርም፤ ዘይቱ ከታች ተኝቶ የላይኛው ብረት ይደርቃል። የገባ እርጥበት ካለ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። በወር አንድ ቀን ቆልፎ፣ የፎር ዊሉን ማርሽ ሳያስገቡ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ዘይቱን ያዳርሰዋል።

የፍሬን ዘይት ከሌላው ዘይት ሁሉ የተለየ ነው፤ ውሃን ከአየር ላይ ይጠጣል። ጣሳው ተከፍቶ ከተቀመጠ፣ ክዳኑ ላላ ካለ፣ በጎማ ቱቦዎቹ ቀዳዳ እንኳ ሳይቀር ቀስ በቀስ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውሃ ሲጠጣ ይህ ቁጥር ወደ 140 ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅም። ባህር ዳር ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ግን ከደጀን በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ ጎማው ግን አይያዝም። ከታች ከደረሱና ከበረደ በኋላ ፍሬኑ እንደ ነበረ ይመለሳል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «አልፎ አልፎ ይከዳል» ብሎ ይተወዋል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ግዴታ ነው፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥም እንዲሁ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ከፔዳሉ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ በየጎማው ፍሬን ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ላይ ያለው ማጠራቀሚያ በመሐል እንዳያልቅ መጠበቅ፣ ትንሽ ጣሳ ገዝቶ የተረፈውን አለማስቀመጥ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ ጠብታም ቢሆን እዚያ መግባት የለበትም፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል።

ናፍጣ ላይ ጉዳዩ አጭር ነው፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ፖምፓው የሚለሰልሰው ራሱ በሚያሳልፈው ናፍጣ ነው፤ በውስጡ ያሉት ብረቶች የሚቀራረቡት ከፀጉር በቀጠነ ልክ ነው። ውሃ ሲገባ ቅባቱ ይጠፋል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ይነክሳል። ናፍጣ ሲጠፋ ከበርሜል በጀሪካን የሚገዛ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ የተገዛው ጀሪካን አንድ ሌሊት ቆሞ ቢያድርና የታችኛው ጥቂት ሳይገለበጥ ቢቀር መልካም ነው። ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) በግማሽ ትቶ ሳምንታት ማቆምም ጥሩ አይደለም፤ በሌሊት ቅዝቃዜ ውስጡ ባለው አየር ያለ እርጥበት ጠል ሆኖ ይወርዳል። የናፍጣ ፊልትሮው ከታች ትንሽ መክፈቻ፣ ከላይ በእጅ የሚጫን ፖምፓ አለው። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ የታችኛውን አላልቶ፣ የላይኛውን ጥቂት ጊዜ ተጭኖ፣ የሚወጣውን በጠርሙስ ማየት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ መብራት ከበራ ደግሞ ቤት እስኪደርሱ መጠበቅ አይገባም።

ራዲያተር ውስጥ ብቻ ውሃው መግባት ያለበት ነው፤ ብቻውን ግን አይግባ። «እኛ ጋ በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚል ብዙ ነው። ኩላንት ከበረዶ ከመከላከል ሌላ ዝገት ይከለክላል፣ የመፍያ ልኩንም ከፍ ያደርጋል። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተር ክዳን ነው፤ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ልክ እዚሁ ባህር ዳር ላይ ወደ 115 ያወጣዋል። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ግፊት የማይይዝ ከሆነ ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፣ ሽቅብ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ከመፈታቱ በፊት ክዳን ይለወጥ። ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ ደለል ስላለው በጣም ካልተቸገሩ አይጨመርም፤ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ትክክለኛው ነው። ኩላንት ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው፤ የፈሰሰውን ውሻም ልጅም እንዳይደርስበት ማድረግ ያስፈልጋል።

ወንዝ መሐል ሞተሩ ቢጠፋ መልሶ ማስነሳት አይገባም። በአየር መግቢያው በኩል ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ውሃ አይታመቅምና ሞተሪኖው ሲያዞረው የፒስቶኑ ዘንግ ይታጠፋል። ጎትቶ ማውጣት፣ የአየር ፊልትሮውን ከፍቶ እርጥብ መሆኑን ማየት፣ እርጥብ ከሆነ የሲሊንደሮቹን ውሃ ሳያስወጡ ቁልፍ አለመንካት ነው።

ሻንሲን በተመለከተ የጣና ውሃ ጨው የለውም፤ የወደብ ከተማ መኪና እንደሚበላው ፈጥኖ አይበላም። የሚበላው በሻንሲው ማዕዘንና በፓራፋንጎው ውስጥ ተጠቅጥቆ የቀረው ዋልካ ነው፤ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ለወራት እርጥብ ሆኖ ይኖራል። በእንጨት ፈልፍሎ ማውጣት፣ ከዚያ ማጠብ ነው። የተቃጠለ ዘይት ሻንሲ ላይ የሚቀቡ አሉ፤ አቧራውን ይሰበስባል፣ ጎማ የሆነውን ሁሉ ያረጀዋል፣ ስለዚህ አልመክርም።

ቤት ውስጥ የማይሠራም አለ። የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል መለኪያ ማሽን ይፈልጋሉ። የዲፈረንሻል ጥርስ ማስተካከል ልምድና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። የመሪ ዘንግን መበየድ ማንም ቢሆን ማድረግ የለበትም። መለዋወጫ ሲገዛ ደግሞ በፓራኦሊዮና በኩሽኔታ ላይ ገንዘብ አለመቆጠብ ነው። የሁለት ቀን ሥራ ያረፈው በዚያች ጎማ ላይ ነው፤ ርካሿ ከደረቀች ሁሉም እንደገና ይፈታል።

ጊዜውን በተመለከተ ሁለት ወቅት በቂ ነው። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ መተንፈሻዎቹ ይጸዳሉ፣ የኳሶቹ ግሪስ በሽቦ ይታያል፣ የፍሬን ዘይት ይለወጣል። ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ የዲፈረንሻሉና የካምቢዮው ዘይት በብርጭቆ ይፈተሻል፣ የታምቡሮዎቹ (የፍሬን ከበሮዎቹ) ውስጥ ይጸዳል፣ የሰልባትዮው የታች መክፈቻ ተፈትቶ የተጠራቀመው ይፈሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ መፍሰስ የለበትም፤ ከተማችን ውስጥ ቦዩ የሚሄደው ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ነው። ፊልትሮውን አንድ ሌሊት አንጠባጥቦ፣ ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅሞ፣ በበርሜል ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ይቻላል። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ ሲቆይ ይጎዳል፤ ጓንት ከሌለ ከሥራው በኋላ ወዲያው በሳሙና መታጠብ ነው። ጀሪካኑ ላይም በቀለም «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ይጻፍበት፤ በየቤታችን የምግብ ዘይትም ሆነ ውሃ የሚቀመጠው በዚያው ዓይነት ጀሪካን ነው።